በረዶው ሳይረገጥ ቀድማችሁ ውጡ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች ሁሉም ስለሚያዳልጥ መንገድ ናቸው። ጊዜው ነውና አይገርምም። ለማታውቁኝ፦ ለብዙ ዓመታት ጨው በታኝ መኪና ስነዳ ኖሬያለሁ። አሁን ደግሞ የእግረኛ መንገድ የሚጠርጉ ሠራተኞችን አስተባብራለሁ። ሌሊት በረዶ ሲወርድ ስልኩ የሚደወለው ለእኔ ነው። ደብዳቤዎቻችሁን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ስማችሁንም አላወጣሁም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በራችን ላይ ደረጃ አለ። ባለፈው ሳምንት ብርዱ ከዜሮ በታች 14 ዲግሪ ነበር። ጠዋት ስወጣ ግማሽ ከረጢት ጨው አፈሰስኩበት። ከሥራ ስመለስ ወፍ የለም። በረዶው ንቅንቅ አላለም፤ ጨውም ከላዩ ላይ እንደተኛ ነው። የተበላሸ ጨው ሰጥተውኝ ይሆን? (ደረጃው ያማረራት)

መልስ፦ እህቴ፣ ጨውሽ ደህና ነው። ያሸነፈው ብርዱ ነው።

ጨው በረዶ የሚያቀልጠው የራሱ ሙቀት ኖሮት አይደለም። በበረዶው ገጽ ላይ ስስ እርጥበት አለች። ጨው ከእሷ ጋር ይዋሃድና የጨው ውሃ ይሆናል። የጨው ውሃ በዜሮ ዲግሪ አይረጋም፤ እየሰፋ አጠገቡ ያለውን በረዶ እያሟሟ ይሄዳል። ከመቶ 23 እጅ ያህል ጨው ያለበት ውሃ ከዜሮ በታች እስከ 21 ዲግሪ ድረስ ሳይረጋ ይቆያል። ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው በ14ም ይሠራል» ይላል። መንገድ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ብርዱ ሲጠና ያች እርጥበት ትጠፋለች፤ ጨውም ሥራ የሚጀምርበት ነገር ያጣል።

ቁጥሩን ልንገርሽ። ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ሲሆን አንድ ኪሎ ጨው 46 ኪሎ ያህል በረዶ ያቀልጣል። በ4 ዲግሪ ከዜሮ በታች ወደ 14 ኪሎ ይወርዳል። በ7 ዘጠኝ ኪሎ አይሞላም። በ12 አምስት ኪሎ ገደማ ብቻ ነው፤ ያውም ብዙ ሰዓት ፈጅቶ። ስለዚህ ብርዱ ከዜሮ በታች 9 ወይም 10 ዲግሪን ካለፈ በተራ ጨው ብዙ አልተማመንም።

እንዲህ ባለ ቀን ሁለት ምርጫ አለሽ። አንዱ ካልሲየም ክሎራይድ የሚባል ሌላ ዓይነት ጨው ነው። ይህኛው እርጥበት ሲያገኝ ራሱ ይሞቃል፤ ከዜሮ በታች ከ20 ዲግሪ ባለፈ ብርድም ይሠራል። ቆዳ ስለሚያቃጥል ግን ያለ ጓንት አትንኪው። ሁለተኛው አሸዋ ወይም ደቃቅ ጠጠር ነው። ጠጠር ምንም አያቀልጥም። ግን በተበተነበት ደቂቃ እግር ይይዛል፤ ለዚህ ደግሞ ብርዱ ምን ያህል መሆኑ አያገባውም። ለደረጃ እኔ ጠጠሩን እመርጣለሁ። በረዶው ሲለቅ ግን ጠርገሽ አንሺው፤ በደረቅ ደረጃ ላይ የቀረ ጠጠር ራሱ ያንሸራትታል።

ግማሽ ከረጢት ያልሽው ነገር አሳስቦኛል። ለአንድ ካሬ ሜትር አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው ይበቃል። እኛ ለውርጭ ብቻ ስንወጣ መኪናው የሚበትነው በካሬ ሜትር 10 ግራም ገደማ ነው። በረዶ ይወርዳል ከተባለ 20 እናደርገዋለን፤ በከባድ ቀን እስከ 40 ይደርሳል። በደረቀ መሬት ላይ የጨው ፍሬ ተርፎ ካየሽ አብዝተሻል ማለት ነው። ጠርገሽ መልሰሽ ከረጢቱ ውስጥ ጨምሪው፤ ለሌላ ቀን ይሆናል።

የተረፈው ጨው የትም አይጠፋም። በረዶው ሲቀልጥ ወደ አፈሩና ወደ ወንዙ ይገባል፤ ከገባ በኋላም በስብሶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ወደ 20 ሊትር የሚጠጋ ንጹሕ ውሃን ለውሃ ውስጥ ፍጥረት የማይመች ለማድረግ ይበቃል። ሲሚንቶውን ይፍቃል፣ የብረት መደገፊያውን ያዝጋል፣ የውሻ መዳፍ ይሰነጥቃል። ሲሚንቶው ከተሠራ ዓመት ካልሞላው ጨው ጭራሽ አታስነኪው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በደረጃሽ ላይ የተሸነፍሽው ጠዋት አይደለም፤ ከዚያ በፊት ባለው ማታ ነው። በረዶ ሊወርድ ሲል አስፋልት ላይ ቀጫጭን ነጫጭ መስመሮች አይተሽ ይሆናል። ያ እኛ ቀድመን የረጨነው የጨው ውሃ ነው። በረዶው ሲወርድ ከመሬቱ ጋር እንዳይጣበቅ ያደርገዋል። አንቺም በረዶው ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ጨው በትኚ፤ ሲያባራ ሰው ሳይረግጠው ጥረጊው። ያልተረገጠ በረዶ በመጥረጊያ እንኳ ይነሳል።

አንዴ ሰው ካለፈበት ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ጎንበስ ብለሽ አንድ የጫማ ዱካ ተመልከቺ። ዙሪያው ያለው በረዶ ነጭና ልቅ ነው። ዱካው ራሱ ግን ግራጫ ሆኗል፤ በውስጡ ያለው አየር ሁሉ ተጨምቆ ወጥቷል። ቀን ላይ ፀሐይ ስትነካው ይረጥባል፤ ማታ ይረጋና ድንጋዩን ይነክሳል። በማግሥቱ አካፋሽ ልቅ የሆነውን እየገፋ ይሄድና እዚያች ዱካ ላይ ሲደርስ ጥርቅ ብሎ ይቆማል። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ መፈልፈል እንጂ መጥረግ አይደለም። ሠራተኞቼን ሌሊት 10 ሰዓት ላይ የምቀሰቅሳቸው ለዚህ ነው፤ ከመጀመሪያው እግረኛ ቀድመን ለመድረስ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ 72 ዓመቴ ነው። ባለፈው የብርድ ወራት አዳልጦኝ ወድቄ የእጄ አንጓ ተሰበረ። ዘንድሮ በረዶ ካየሁ ከቤት አልወጣም። ልጆቼ «በርቺ፣ ውጪ» ይሉኛል። እንዴት ብዬ ልራመድ? (እናት)

መልስ፦ እናቴ፣ እግዚአብሔር ይማርዎት። ፍርሃትዎ ተገቢ ነው። አንድ ጊዜ የወደቀ ሰው ሰውነቱ ድርቅ ይላል፤ የደረቀ ሰውነት ደግሞ ቶሎ ይወድቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ጉልበትዎን ትንሽ ላላ ያድርጉት።

እርምጃዎ አጭር ይሁን። ተረከዝዎን አስቀድመው አይርገጡ፤ እግርዎን ሙሉ በሙሉ ያሳርፉ። የእግር ጣቶችዎን በትንሹ ወደ ውጭ ይክፈቱ። ክብደትዎ ወደ ፊት ባለው እግር ላይ ይሁን። ፔንግዊን ሲሄድ አይተው ከሆነ እንደዚያ ነው። እጅዎን ኪስ ውስጥ አይክተቱ፤ ሚዛን የሚጠብቁት በእጅዎ ነው። ለዚህም ጓንት የግድ ነው፤ እጁ የበረደው ሰው ሳያስበው ኪሱ ውስጥ ይከታል። ዕቃ ካለዎት በአንድ እጅ ከማንጠልጠል በጀርባ ቢያዝ ይሻላል።

ጫማዎ ሶሉ ለስላሳ ላስቲክ፣ ጥርሱም ጠለቅ ያለ ይሁን። ደረቅ ፕላስቲክና ለስላሳ ቆዳ በረዶ ላይ አይያዙም። ከጫማ ሥር የሚጠለቅ ጥርስ ያለው ላስቲክ አለ፤ በጣም ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ሕንፃ ውስጥ ሲገቡ ያውልቁት። በሴራሚክ ወለል ላይ እሱ ራሱ ይጥላል።

ድንገት ቢቸግርዎ ደግሞ ካልሲ ከጫማዎ በላይ ያጥልቁ። ቀልድ አይደለም። በኒውዚላንድ ዳገት በሚበዛባት በደኒደን ከተማ የኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በእግረኞች ላይ ሞክረውት እ.ኤ.አ. በ2009 ውጤቱን አሳትመዋል። ካልሲ ያጠለቁት ሰዎች ካላጠለቁት ያነሰ አዳልጧቸዋል። ለረጅም መንገድ አይሆንም፤ በርዎ ላይ ያለችውን ቁልቁለት ለማለፍ ግን ይረዳል።

ከአውቶቡስ ሲወርዱ አይቸኩሉ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚያ ነው። መያዣውን ሳይለቁ መሬቱን ይዩ፤ አንዱን እግር አሳርፈው መያዙን ካረጋገጡ በኋላ ሁለተኛውን ያውርዱ። ሰዓትም ይምረጡ። ጠዋት በጣም ማልዶና ፀሐይ ስትጠልቅ መጥፎ ነው፤ ቀን የቀለጠው ውሃ መልሶ የሚረጋው ያኔ ነው። ረፋድ ላይና እኩለ ቀን ገደማ ይሻላል።

መውደቅዎ ካልቀረ እጅዎን ዘርግተው መሬቱን ለመያዝ አይሞክሩ፤ አንጓ የሚሰበረው እንደዚያ ሲሆን ነው። ጉልበትዎን አጥፈው ወደ ጎን ይውደቁ። አገጭዎን ወደ ደረትዎ ይሰብስቡ፤ ጭንቅላትዎ እንዳይመታ።

ልጆችዎንም አንድ ነገር ልበላቸው። «በርቺ» ከማለት በፊት ከበሩ እስከ ዋናው መንገድ ያለውን ጥረጉላቸው። ከዚያ በኋላ እናታችሁ ራሳቸው ይወጣሉ።

ጥያቄ፦ የፈላ ውሃ ባፈስበት በአንድ ደቂቃ ይለቃል። ለምን ጨው ያስፈልጋል?

መልስ፦ ውሃው የት ይሄዳል ብለህ ታስባለህ? በረዶውን ያቀልጥና እዚያው ይተኛል፤ ትንሽ ቆይቶ ከበፊቱ የባሰ፣ እንደ መስታወት የለሰለሰ በረዶ ይሆናል። አታድርገው። በመኪና የፊት መስታወት ላይም አታፍስ፤ ይሰነጠቃል።

በዚህ አጋጣሚ አሸንዳችሁን እዩ። የጣሪያው ውሃ በአሸንዳው ወርዶ እግረኛ መንገዱ ላይ የሚፈስ ከሆነ፣ በረዶ ባልወረደበት ቀን እንኳ በራችሁ ላይ በረዶ እየሠራችሁ ነው። የቱቦውን አፍ ወደ አፈሩ አዙሩት። ያልገባችሁ በረዶ በየጠዋቱ አንድ ቦታ ላይ ካለ ቀና ብላችሁ ጣሪያውን ተመልከቱ፤ መልሱ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ዓመቴ ነው። የመኪናዬ ቴርሞሜትር 3 ዲግሪ ከዜሮ በላይ ይላል። መንገዱም ረጠብ ያለ ብቻ ነው የሚመስለው። ድልድይ ላይ ስደርስ መኪናዋ እንዳለ ወደ ጎን ሄደች። አልተጋጨሁም ግን እስካሁን ልቤ አልተመለሰም። ምንድነው የሆነው? (አዲስ ሾፌር)

መልስ፦ እንኳን ተረፍሽ፣ እህቴ። ብላክ አይስ የሚሉት ነው የገጠመሽ። በጣም ስስ ስለሆነ አስፋልቱን አሳልፎ ያሳያል፤ ለዓይን እርጥበት ይመስላል።

የመኪናሽ ቴርሞሜትር የሚለካው አየሩን ነው፤ አስፋልቱን አይደለም። ሰማዩ በጠራ ሌሊት አስፋልት ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቃል። አየሩ 3 ዲግሪ እያለ መሬቱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። ድልድይ ደግሞ ከሥሩ አፈር የለውም። ከላይም ከታችም ነፋስ ያገኘዋል፤ ስለዚህ ከመንገዱ ሁሉ ቀድሞ የሚረጋው እሱ ነው። ዛፍ ያጠላበት ኩርባ፣ ፀሐይ የማያገኘው የግንብ ጥግና ጎድጓዳ ቦታ ከእሱ ይከተላሉ። እኔ ስነዳ መንገዱን የማውቀው በእነዚህ ቦታዎች ነበር። ዋናው ጎዳና ደረቅ ሆኖ እነሱ ብቻ ጨው የሚፈልጉበት ሌሊት ብዙ ነው።

ምልክቱን ልንገርሽ። መንገዱ እርጥብ ይመስላል፤ ከፊትሽ ካለው መኪና ጎማ ግን ውሃ አይረጭም። የጎማሽም ድምፅ ድንገት ይጠፋል። ያኔ እግርሽን ከነዳጁ ላይ ቀስ ብለሽ አንሺ። መሪውን በኃይል አታዙሪ። ከሸራተተች ዓይንሽን መሄድ ወደምትፈልጊበት አድርጊ፤ መሪውንም ወደዚያው ቀስ ብለሽ አዙሪ። አጥሩን ካየሽ አጥሩ ጋ ትሄጃለሽ።

ርቀት ጠብቂ። በበረዶ ላይ መኪና ለመቆም ከደረቅ መንገድ እስከ 10 እጥፍ ርቀት ሊፈልግ ይችላል። በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ያላቸው ሰዎች በዚህ ይታለላሉ። ለመነሳት ይረዳቸዋል፤ ለመቆም ግን እንደማንኛችንም ናቸው።

ጎማሽን አልጻፍሽልኝም። ለሙቀት ወራት የተሠራ ጎማ ላስቲኩ ከዜሮ በላይ ካለው 7 ዲግሪ ዝቅ ሲል መድረቅ ይጀምራል። የብርድ ጎማ ግን እንደለሰለሰ ይቆያል። ስዊድን ውስጥ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31 መንገዱ በረዶ ከያዘ የብርድ ጎማ በሕግ ግዴታ ነው፤ የጥርሱም ጥልቀት ቢያንስ 3 ሚሊሜትር መሆን አለበት። በካናዳ የኬቤክ ግዛትም ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 ግዴታ ነው። በምትኖሪበት ቦታ ሕጉ ባያስገድድሽም አስገቢ።

አንድ ልመና አለኝ፦ በረዶ ጠራጊ መኪና ስታዪ አትቅደሚው። ከእሱ ጀርባ ያለው መንገድ ከፊቱ ካለው ይሻላል። ሾፌሩም አንቺን በደንብ አያይሽም፤ የሚያነሳው በረዶ መስታወቱን ይሸፍንበታል።

ጥያቄ፦ ሁለት ነገር ልጠይቅህ። አንደኛ፣ ለምንድነው መጀመሪያ የመኪና መንገድ ተጠርጎ እግረኛው የሚረሳው? ሁለተኛ፣ ጎረቤቴ «በርህ ላይ ያለውን ከጠረግክና ሰው ከወደቀ ትከሰሳለህ» ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያው ጥያቄህ ልቤን ነክተኸዋል።

ብዙ ቦታ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ አውራ ጎዳና፣ ከዚያ የአውቶቡስ መስመር፣ ከዚያ የሰፈር መንገድ፣ በመጨረሻ እግረኛ። ምክንያቱ አለ። አምቡላንስና እሳት አደጋ መኪና ማለፍ አለባቸው። ግን በበረዶ ወራት አጥንቱ ተሰብሮ ሆስፒታል ከሚገባው ሰው ብዙው በእግሩ ሲሄድ የወደቀ ነው። አሥር ሳንቲሜትር በረዶ ላይ መኪና መንዳት ይቻላል። በዚያው በረዶ ላይ የሕፃን ጋሪ መግፋት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

በስዊድን የካርልስኮጋ ከተማ ይህን ተገንዝባ እ.ኤ.አ. በ2011 ቅደም ተከተሉን ገለበጠችው። መጀመሪያ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ፣ በተለይም ወደ መዋዕለ ሕፃናትና ወደ አውቶቡስ ማቆሚያ የሚወስደው፤ ከዚያ የመኪናው። በማለዳ በእግር የሚወጣው፣ ልጅ የሚያደርሰው ማን እንደሆነ ሲታይ ብዙዎቹ ሴቶች ሆነው ተገኙ። ስቶክሆልምም ሐሳቡን ተቀበለችው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2016 ከባድ በረዶ ወርዶ ከተማዋ ሲዘጋጋ ይኸው አሠራር ብዙ ተወቀሰ። እንደ እኔ እንደ እኔ ወቀሳው አግባብ አልነበረም። እንደዚያ ያለ በረዶ በማንኛውም ቅደም ተከተል ከተማ ይዘጋል።

ጨው ራሱ በእግረኛ መንገድ ላይ እንደ አስፋልቱ አይሠራም። አስፋልት ላይ ጎማ እየፈጨው ከበረዶው ጋር ያዋህደዋል። እግረኛ መንገድ ላይ ያ ክብደት የለም። ስለዚህ እዚያ ዋናው መጥረግ ነው፤ ጨው ከኋላ የሚመጣ ነው። የሰፈርህን አስተዳደር ስትጠይቅ «ጨው በትኑ» አትበል። «መቼ ትጠርጋላችሁ? ከትምህርት ቤቱ ሰዓት በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብለህ ጠይቅ። ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት ይከብዳል፤ ለዚያም ነው ጥያቄው የሚጠቅመው።

ስለ ክሱ፦ ሕጉ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በእንግሊዝና በዌልስ የመንገዱ አስተዳደር በተቻለው መጠን በረዶ መተላለፊያውን አደገኛ እንዳያደርገው የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ይህ በመንገድ ሕጉ ላይ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። የቤት ባለቤት ግን እንዲጠርግ አይገደድም። ከጠረገም በጥንቃቄ እስከሠራ ድረስ የመከሰሱ ነገር እምብዛም ነው ይላል የመንግሥት መመሪያ። በርሊን ሌላ ናት። እዚያ በቤትህ ፊት ያለውን እግረኛ መንገድ ማጽዳት የባለቤቱ ግዴታ ነው፤ ግለሰብ ጨው መበተን ደግሞ ክልክል ነው፤ ጠጠር ነው የሚፈቀደው። በአሜሪካ በቦስተን በረዶው ባቆመ በ3 ሰዓት ውስጥ መጥረግ አለብህ። አንተ ያለህበት የትኛው እንደሆነ አስተዳደሩን ጠይቅ። ግን ጎረቤትህ የነገረህን ሰምተህ አካፋህን አታስቀምጥ። ጠርጎ የሚከሰስ ሰው ፍለጋ ብዙ ትደክማለህ፤ ባልተጠረገ መንገድ የወደቀ ሰው ግን በየሰፈሩ አለ።

ጥያቄ፦ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ለምን መንገዱን ከሥሩ አያሞቁትም?

መልስ፦ ያሞቁታል እኮ! ደስ የሚል ጥያቄ ነው። የአይስላንድ ዋና ከተማ ሬይክያቪክ ከምድር ውስጥ በሚወጣ ሙቅ ውሃ ቤቶቿን ታሞቃለች። ውሃው ቤቶቹን አሙቆ ሲመለስ ገና ለብ ያለ ስለሆነ በእግረኛ መንገድ ሥር በተቀበረ ቱቦ ውስጥ ያልፋል፤ በረዶው ከላይ ይቀልጣል። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ሆላንድ የምትባል ከተማ አለች። እሷም ከእ.ኤ.አ. 1988 ጀምሮ ከኤሌክትሪክ ማመንጫ በሚተርፍ ሙቀት መሃል ከተማዋን ታሞቃለች። በጃፓን ኒጋታ አካባቢ ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ጀምሮ የከርሰ ምድር ውሃ በመንገዱ መሃል ባሉ ትናንሽ ቀዳዳዎች ይረጫሉ። ግን ውሃው በብዛት ሲወጣ በአንዳንድ ቦታ መሬቱ ራሱ ሰምጧል።

ሁሉም መንገድ እንዲህ የማይሆነው ወጪው ብዙ ስለሆነ ነው፤ ቱቦ ለመቅበር መንገዱ መቆፈር አለበት፤ ሙቀቱም ከየት ይምጣ? ርካሽ የሚሆነው ሊጣል የነበረ ሙቀት ሲገኝ ብቻ ነው። እኔ ብሾም ሆስፒታል በር ላይና ቀጥ ያለ ዳገት ላይ አስቀድሜ አስቀብረው ነበር።

ጥያቄ፦ መግቢያዬን ጠርጌ ስጨርስ ጠራጊው መኪና ይመጣና በረዶውን መልሶ ይቆልልብኛል። በንዴት ላብድ ነው።

መልስ፦ ሾፌሩ ሆን ብሎ አይደለም። ከመኪናው ፊት ያለው ምላጭ በረዶውን ወደ ጎን ብቻ ነው የሚገፋው፤ በእያንዳንዱ በር ላይ ሊያነሳው አይችልም። መላው ይኸው፦ መኪናው ከሚመጣበት አቅጣጫ፣ ከመግቢያህ ቀደም ብሎ፣ የመንገዱን ጠርዝ ሁለት ሦስት ሜትር ያህል ባዶ አድርገው። ምላጩ የተሸከመውን እዚያ ክፍት ቦታ ላይ ያራግፍና በርህ ላይ ሲደርስ ቀሎት ያልፋል። በረዶውን ደግሞ ወደ አስፋልቱ አትወርውር፤ ተመልሶ የሚመጣው ለጎረቤትህ ነው።

ጥያቄ፦ አባታችን 65 ዓመታቸው ነው፤ የደም ግፊት አለባቸው። አካፋውን ለማንም አልሰጥም ይላሉ። እንዴት እናድርጋቸው?

መልስ፦ አስጥሏቸው። በዚህ ላይ አልለሳለስም። ብርድ ሲሆን የደም ሥር ይጠባል፤ ከባድ ነገር ሲነሳ ደግሞ ግፊት ይጨምራል። ሁለቱ ሲገናኙ ልብን ያስጨንቃሉ። እርጥብ በረዶ ከሚታየው በላይ ከባድ ነው። ሐኪማቸውን ሳያማክሩ አካፋ መንካት የለባቸውም። ደረት ላይ ጫና፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ወይም ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ያኔውኑ አምቡላንስ ጥሩ። ክብራቸው እንዳይነካ ጨው የመበተኑንና ትንበያ የመከታተሉን ሥራ ስጧቸው። እሱም ሥራ ነው፤ ደግሞም ለጠቅላላው ሰፈር የሚጠቅም ነው።

ጤነኛው ሰውም ቢሆን በረዶውን ይግፋ እንጂ አያንሳ። ማንሳት ግድ ከሆነ አካፋውን ግማሽ ብቻ ይሙላ፤ ወገቡን ሳይሆን ጉልበቱን ይጠፍ።

ጥያቄ፦ ዊልቸር ነው የምጠቀመው። ጎረቤቶቼ ደጎች ናቸው፣ ሁሉም ይጠርጋሉ። ግን ማቋረጫ ላይ ስደርስ የበረዶ ቁልል ያግደኛል፤ ተመልሼ ቤቴ እገባለሁ። ምን ብዬ ልጠይቃቸው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣል፤ በየዓመቱም ያናድደኛል። ሁሉም ሰው የራሱን በር ይጠርጋል፤ ጥጉ ግን የማንም አይደለም። ጠራጊው መኪናም ሲታጠፍ በረዶውን የሚጥለው እዚያው ጥግ ላይ ነው። ስለዚህ ሁለት መቶ ሜትር የጸዳ መንገድ በግማሽ ሜትር ቁልል ይዘጋል።

«እባካችሁ ጥረጉ» ብለህ ብቻ አትጠይቃቸው፤ ሁሉም ጠርገዋልና አይገባቸውም። መስቀለኛ መንገዱን በስሙ ጥራ። ከእግረኛ መንገዱ ወደ አስፋልቱ የሚወርደውን ተዳፋት አሳያቸው፤ ከማዶ ያለውንም ጭምር፤ አንዱ ወገን ብቻ ከተከፈተ መሃል መንገድ ላይ ትቀራለህ። ስፋቱንም ንገራቸው። የአንድ አካፋ ስፋት ለእግረኛ ነው፤ ለአንተ አይበቃህም። ቦስተን ከተማ ነዋሪዎቿን የምትጠይቀው ከአንድ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነው፤ ተዳፋቱንም ይጨምራል። አንተም አንድ ሜትር ከአሥር በል። ሁለት ጎረቤት ጥጉን በፈረቃ ይያዝ፤ አንዱ የወረደውን፣ ሌላው ጠራጊው መኪና ካለፈ በኋላ የተቆለለውን። የአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብህ ከሆነ ከመጠለያው እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ያለውም ይከፈት፤ የአውቶቡሱ መወጣጫ የሚያርፈው እዚያ ነው። ለአስተዳደሩ ስትጽፍ ፎቶ አያይዝ፤ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍበት። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለእኔ ሲደርሰኝ ሠራተኛ የምልክበትን ትክክለኛ ቦታ አውቃለሁ፤ «ሰፈራችን አልተጠረገም» የሚለው ደብዳቤ ግን የት ጋ እንደምጀምር አይነግረኝም።